ከማደባለቂያው ክፍል የወጣችው ሴት

በፋብሪካችን እውነተኛ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ፊት ለፊቷ «እትዬ ማንኪያ»፣ ዘወር ስትል ደግሞ «ማንኪያ» ብቻ ነበረች። ስሙን ማን እንዳወጣላት ባይታወቅም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከነጭ ጋዋኗ የደረት ኪስ አንድ ረዘም ያለ ማንኪያ ሁልጊዜ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። የምንሠራው እርጎ ነው። ወተቱ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይረጋል፤ ከዚያ ከተቀቀለ ፍራፍሬ ጋር ተደባልቆ በትንንሽ ኩባያ ይታሸጋል። ማንኪያ የማደባለቂያው ክፍል ኃላፊ ነበረች። ከየበርሜሉ ቀመስ ታደርግና ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ከዚያ ወይ «ይለፍ» ትላለች፣ ወይ ምንም ሳትል ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ዝም ካለች ያ በርሜል አለቀለት።

እኔ የምሠራው ማሸጊያው ክፍል ነው። በእኔና በእሷ መካከል ያለው አንድ ትልቅ መስታወት ብቻ ስለሆነ ብዙውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን ደግሞ እሷና ልጇ ነግረውኛል።

ፋብሪካው ሲጀመር የመኪና ጋራዥ ነበር። ባለፋብሪካዋና ማንኪያ አጥር የሚያዋስናቸው ጎረቤታሞች ነበሩ፤ የማንኪያ ባል ሞቷል፣ የሌላዋ ጥሏት ሄዷል። «የእሷ እንኳ ሞተ፣ አልቅሳ ወጣላት» እያለች ባለፋብሪካዋ እስከዛሬ ትቀልዳለች። ሁለቱ በአንድ ትልቅ ድስት ጀመሩ። አንዷ ሽያጩን፣ ሌላዋ ጣዕሙን ይዘው ሲሠሩ ጋራዡ ጠበባቸው፤ መጋዘን ተከራዩ፤ ከዚያ አሁን ያለንበት ሕንፃ ተሠራ። ማንኪያ ግን ያኔም ዛሬም ያው ናት። ምሳዋን በትልቅ ሳህን ይዛ ትመጣና መሃል ላይ ታስቀምጣለች፤ ያልያዘም የያዘም ይበላላታል። ከሳህኗ ያልጎረሰ ሠራተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የምስክር ወረቀቱ ነገር የመጣው ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ለሕመምተኞቹ የእኛን እርጎ ለመግዛት ፈልገው «የምግብ ደህንነት የምስክር ወረቀት አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አልነበረንም። ባለፋብሪካዋ ጉዳዩን አጣርታ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ወለሉ መቀየር አለበት፣ ፍሳሹ እንደገና ይሠራል፣ ቆሻሻና ንጹሕ የሚተላለፉበት በር ይለያያል፣ ሠራተኛው ሁሉ ይመረመራል፣ ይሰለጥናል። ምሳ ላይ አጠገባችን መጥታ ተቀመጠችና «ይቅርብን» አለች። «እስከዛሬ ያለእሱ ኖረናል።»

ማንኪያ ጉርሻዋን አላምጣ ጨረሰች። «ልጅ ወልደን አሳድገን ትምህርት ቤት አናስገባውም እንደማለት ነው። አሁንም የጋራዥ እርጎ ነው የሚሉን እኮ። እኔ ሳልሞት ያ ማኅተም ኩባያው ላይ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ሞትን ለሁሉም ነገር ትጠሪዋለሽ።»

«ስለምትሰሚኝ ነዋ።»

እንዲህ ተጀመረ። አንድ ወጣት አማካሪ ተቀጠረ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ግን የሚጠይቀው ጥያቄ ማለቂያ የለውም። ይህ ባልዲ ለምን እዚህ ተቀመጠ? ይህ በር ለምን ተከፍቶ ይውላል? ሠራተኛው ሳምንት ሳይሞላ «አቶ ለምን» ብሎ ሰየመው። መጀመሪያ የነካው የማንኪያን ማንኪያ ነበር። ከኪስ ወጥታ በርሜል ውስጥ የምትገባ፣ ተልሳ ወደ ኪስ የምትመለስ ማንኪያ እንደማትፈቀድ ሲነግራት ሁላችንም በመስታወቱ አየን። እሷ ማንኪያዋን አወጣች፣ አገላብጣ አየቻት፣ «እውነትህን ነው፤ አስቤውም አላውቅ» ብላ ሰጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቅምሻው አንድ ንጹሕ ማንኪያ ሆነ። ስሟ ግን አልተቀየረም።

ከሁላችንም ጥብቅ የሆነችው እሷ ነበረች። ከፀጉር መረብ ያመለጠች አንዲት ፀጉር ከሩቅ ይታያታል። አንድ ቀን ባለፋብሪካዋ አምባሯን አንቃጭላ ልትገባ ስትል ማንኪያ በሩ ላይ ቆማ «ወይ እጅሽን አውልቂ ወይ አምባርሽን» አለቻት። የራሷን ፋብሪካ ተከለከለች ብለን እየሳቅን አወራነው።

ከዚያ የጤና ምርመራው መጣ። ምግብ የሚነካ ሰው ሁሉ የሰገራ ናሙና እንዲሰጥ ተባለ። የዚያን ሰሞን የነበረውን ቀልድ እዚህ ብጽፈው እርጎ የሚበላ አይኖርም፤ ስለዚህ ልለፈው። ማንኪያ የሚያፍሩትን እየገፋፋች፣ «ይሄም እንደ ሥራ ነው፣ አብሬሽ ልግባ ወይ?» እያለች ሁሉንም አስመረመረች። የሁላችንም ውጤት ደህና ሆነ። እሷን ግን ላቦራቶሪው ደውሎ እንደገና ናሙና እንድትሰጥ ጠራት። በሁለተኛው ጊዜ አንዲት ነርስ አስቀምጣ ነገረቻት። ታይፎይድ የሚያመጣው ጀርም ሆዷ ውስጥ አለ። ሕመም የላትም፤ ምናልባት በልጅነቷ ወይም በወጣትነቷ ታማ የዳነች ጊዜ ጀርሙ ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። እሷን ምንም አያደርጋትም። በእጇ አልፎ ምግብ ውስጥ ከገባ ግን ሌላውን ሰው ሊያሳምም ይችላል።

ያን ማታ ለልጇ እንኳ አልነገረቻትም። በማግስቱ እንደወትሮዋ ሥራ ገባች። ልብሷን ቀየረች፣ ቦቲ ጫማዋን አጠለቀች፣ ከማደባለቂያው በር አጠገብ ካለው መታጠቢያ ሄዳ እጇን መታጠብ ጀመረች። ታጠበች። ሳሙናውን ጨምራ እንደገና ታጠበች። በመስታወቱ አየኋት፤ ቆዳዋ እስኪቀላ ትፈትገዋለች፣ ውሃውን ትዘጋለች፣ በሩን ታያለች፣ መልሳ ትከፍታለች። አቶ ለምን በዚያ ሲያልፍ ቆመ።

«እትዬ፣ ለምን አይገቡም?»

እሷም ነገረችው። የሚናገሩትን መስማት አልቻልኩም፤ ግን አማካሪው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሲሰማ፣ ከዚያም ፎጣ አምጥቶ ሲሰጣት አይቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጨመረው፦ «ለምን ትናንት አልነገሩንም?» «ትናንት ለራሴም አልነገርኩም ነበር» ብላ እንደመለሰችለት በኋላ ሰማሁ።

ባለፋብሪካዋ ስትሰማ ቢሮዋን ዘጋችና ሁለቱን አስቀመጠች። የምርመራ ባለሙያዋ፣ ማለትም የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ኦዲተር፣ የምትመጣበት ቀን ተቃርቧል። «ስሙኝ» አለች፣ «ይሄ ከዚህ ክፍል አይውጣ። አንቺ እረፍት ውሰጂ። የልጅሽን ናሙና በአንቺ ስም ሰጥተን ንጹሕ ነው እናስብላለን፤ ኦዲቱ ሲያልፍ ቀስ ብለሽ ትታከሚያለሽ።»

«እርጎውን የምንልከው እኮ አልጋ ላይ ለተኙ ሰዎች ነው» አለች ማንኪያ።

«አንቺ እስከዛሬ ማንን ገደልሽ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

አማካሪው ጣልቃ ገብቶ መደረግ ያለበትን ተናገረ። ከየምርቱ ተቀንሶ በፍሪጅ የሚቀመጥ ኩባያ አለ፤ ሁሉም ይመረመራል። ገበያ ያልወጣው እርጎ ውጤቱ እስኪመጣ ይታገዳል። ክፍሉ ከላይ እስከታች ይታጠባል። እሷም ሐኪም ደህና ነሽ እስኪላት ምግብ ወዳለበት አትገባም። ባለፋብሪካዋ ተቃወመች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ እጇን አወናጭፋ «እንዳላችሁ» አለች። ኩባያዎቹ ተመረመሩ። ምንም አልተገኘባቸውም። እጇን የምትታጠብ ሴት መሆኗ ሳያድናቸው አልቀረም።

ይህ ሊያሳርፋት ይገባ ነበር። አላሳረፋትም። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው የቅርብ ጊዜው ብቻ ነዋ። ማንኪያን እንቅልፍ የነሳት የጋራዡ ዘመን ነበር። ያኔ የባለፋብሪካዋ አንድ ልጅ፣ በትምህርቱ ጎበዝ፣ የሚሮጥ የሚጫወት ልጅ፣ በታይፎይድ ታሞ አንጀቱ ተበስቶ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው። ያስታመሙት ሁለቱ ሴቶች ተፈራርቀው ነው። ማንኪያ ራሷ በማንኪያ እያጎረሰችው። ልጇ እንደነገረችኝ፣ ሐኪሙ ዘንድ የሄዱ ጊዜ ስለራሷ ሕክምና ምንም ሳትጠይቅ መጀመሪያ ያነሳችው ይህንኑ ነበር።

«ዶክተር፣ ያንን ልጅ ያሳመምኩት እኔ ልሆን እችላለሁ?»

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ያን ጊዜ የዚያ ሰፈር ውሃም ጥሩ አልነበረም። እኔ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ይህንን አሁን የሚያውቅ ሰው የለም።»

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ልጇ «እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል? የማይታወቅ ነገር ለምን ትናገሪያለሽ?» ብላ ለመነቻት። «ከሌላ ሰው ከምትሰማው ወይ ራሷ አስባ ከምትደርስበት እኔ ልንገራት» አለች። በረንዳው ላይ እንደቆመች፣ ጫማዋንም ሳታወልቅ ነገረቻት። ባለፋብሪካዋ አዳመጠች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ማንኪያ ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ሲበቃት ከልጇ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ለሁላችንም ከባድ ነበር። ሁለቱ አይነጋገሩም። ማንኪያ ምግብ ከሌለበት፣ ባዶ ኩባያና ካርቶን ከሚከማችበት መጋዘን ተመደበች። ሠራተኛው ምን እንደተፈጠረ ስለማያውቅ የራሱን ፈጠራ ያወራል፤ ሰርቃ ነው፣ ተጣልተው ነው፣ አይ ሳንባ ነው ይባላል። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ሁላችንም ባለንበት ራሷ ተናገረች። ምን እንደተገኘባት፣ ምን እንደሚያደርግ፣ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ምርቱ ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑን ነገረችን። «ከእኔ ሳህን የበላችሁ ሁሉ ተመርምራችኋል፤ ደህና ናችሁ። ቅር ያለው ግን እንደገና ይመርመር፤ አላዝንም» አለች።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። አንዳንዶቻችን አቀፍናት። ግን የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሳህኗን እንደልማዷ መሃል ስታስቀምጥ የማንም እጅ አልተዘረጋም። የእኔም። ሁላችንም የራሳችንን ዕቃ አጥብቀን ይዘን አቀርቅረን በላን። እሷ ሳህኑን ወደራሷ ሳብ አደረገችው፤ «ዛሬ ጨው በዝቶበታል መሰለኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ለራሷ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዕቃ ነበር ይዛ የምትመጣው። እስከዛሬ ያቺን ምሳ ሳስባት ይጎመዝዘኛል።

ባለፋብሪካዋ የመጣችው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ካርቶን መጋዘኑ ውስጥ ገብታ አንዱ ክምር ላይ ተቀመጠች። ያ ታሞ የነበረው ልጇ አሁን ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ራሱ ልጆች የወለደ ሰው ነው።

«ደወልኩለት» አለች። «ሁሉንም ነገርኩት።»

ማንኪያ የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች።

«ያኔ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከወንዙ ውሃ ይጠጣ እንደነበር ነገረኝ። እንዳልቆጣው ደብቆኝ ነው አለ።»

«እውነቱን ነው?»

«አላውቅም። ላንቺ ብሎም ሊሆን ይችላል፤ ታውቂዋለሽ። ደግሞ ሳህን እያነሳሁ ሳስብ፣ እሱ ታሞ የተኛ ጊዜ ሆስፒታል ከእኔ እኩል የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ምን ልበልሽ? ተናድጄብሽ ነበር፤ በምን እንደሆነ ግን ፈልጌ አጣሁት።» ከክምሩ ላይ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ሕክምናሽን በደንብ ተከታተዪ። ስትፈልጊ መኪናዬ አለ።»

ሐኪሙ መጀመሪያ ለብዙ ሳምንት የሚወሰድ መድኃኒት ሰጣት። ሆዷን አገላበጠው፣ ከሳች፣ የምትበላው ሁሉ ብረት ብረት አላት። ጨርሳ ስትመረመር ጀርሙ አሁንም አለ። ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ስለነበር መድኃኒቱ አላጠፋውም፤ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት ተባለ። ቀጠሮ ተያዘላት። ከቀጠሮው በፊት ግን ኦዲተሯ መጣች።

ኦዲተሯ ቁጥብ ሴት ነበረች፤ ፈገግታም ቁጣም አይታይባትም። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካውን ዞረች። የፍሳሽ ክዳን ታነሳለች፣ ከማሽን ሥር በባትሪ ታያለች፣ ሠራተኛውን ድንገት አስቁማ «ይህንን ለምንድነው የምታደርገው?» ትላለች። አቶ ለምን እህቱን ያገኘ ይመስል ደስ ብሎት ይከተላታል። የቀዝቃዛው መጋዘን በር ጎማ መቀደዱን አገኘች። አንዱ ቴርሞሜትር ትንሽ እንደሚሳሳት አገኘች። ማንኪያ ራሷ ያሰቀለችው የእጅ መታጠቢያ መመሪያ ከቧንቧው ጀርባ ስለሆነ አዲስ ሰው እንደማያየው ስትናገር ማንኪያ ከንፈሯን ነከሰች።

በመጨረሻ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ፣ «አሁን ደግሞ አንድ ችግር ራሳችሁ አግኝታችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። ችግር የሌለበት ፋብሪካ እስከዛሬ አላየሁም» አለች።

ባለፋብሪካዋ ስለ አንድ የተሰበረ አምፖል መናገር ጀመረች። ማንኪያን ላለማጋለጥ ቀድማ ከአማካሪው ጋር የተስማማችበት ነው። ማንኪያ ግን ከጥግ «እኔ ብናገርስ?» አለች።

«የምን ጉዳይ ነው?» አለች ኦዲተሯ።

«የጤናዬ።»

«የጤናዎ ጉዳይ የግልዎ ነው፤ ለእኔ የመናገር ግዴታ የለብዎትም።»

«አውቃለሁ። የግሌ ሆኖ ቢቀርልኝማ በወደድኩ» አለችና ከምርመራው ጀምሮ እስከ ካርቶን መጋዘኑ ያለውን ሁሉ ተናገረች። ኦዲተሯ አላደነቀቻትም፣ አላጽናናቻትም። የታገደው ምርት የት እንደነበር፣ ማን እንደለቀቀው፣ በእሷ ቦታ የተተካችው ሠራተኛ ምን ያህል እንደሰለጠነች ተራ በተራ ጠየቀች፤ መልስ አገኘች። ስትወጣ ብቻ፣ ጫማዋን እየቀየረች፣ «ኦፕራሲዮኑ መቼ ነው?» አለቻት። ቀኑን ስትሰማ «ይቅናዎት» ብላ ሄደች።

በሩ ተጠገነ፣ ቴርሞሜትሩ ተቀየረ፣ መመሪያው ከቧንቧው ፊት ተሰቀለ። የምስክር ወረቀቱ የመጣ ጊዜ ማንኪያ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ባለፋብሪካዋ ማኅተሙ የታተመበትን የመጀመሪያ ኩባያ ይዛላት ሄደች። ነርሷ ገና እርጎ አልተፈቀደላትም ስላለች ባዶውን ኩባያ ነው የሰጠቻት። ማንኪያ በአውራ ጣቷ ማኅተሙን ዳሰሰችው፤ «ትንሽ ጠመም ብሏል» አለች። ባለፋብሪካዋ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። ማንኪያ ደግሞ መሳቅ ስፌቱን ስለሚያማት ሆዷን ይዛ «ተይ፣ ተይኝ» ትላታለች። ልጇ ናት የነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ተመረመረች፤ ሁሉም ውጤት ንጹሕ ሆነ። ሐኪሙ ወደ ማደባለቂያው መመለስ ትችያለሽ ሲላት የተተካችው ሴት ቦታውን ልትለቅላት ጋዋኗን አውልቃ ጠበቀቻት። ማንኪያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ሁሉም በቦታው ነው። «አንቺው ቀጥዪ፤ ሲጨንቅሽ ጥሪኝ» አለቻት። እሷ የአዲስ ሠራተኞች አሰልጣኝ መሆን እንደምትፈልግ ነገረችን። አንዳንዶቻችን ፈርታ ነው አልን። ስጠይቃት ግን «አይ፣ ፈርቼስ አይደለም። እዚያ ውስጥ የምሠራውን እሷም ትሠራዋለች። ይሄኛውን ግን የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ነው» አለችኝ።

በቅርቡ ለቀዝቃዛው መጋዘን አንድ ጎልማሳ ተቀጠረ። ትከሻው በር የሚያህል፣ ሳጥን እንደ ትራስ የሚያነሳ ሰው ነው፤ ግን የምርመራው ቀን ሲደርስ ሁለት ጊዜ ቀረ። አንዴ ልጄ ታመመ አለ፣ አንዴ መኪና አጣሁ። አለቃው ሊያባርረው ሲል ማንኪያ «ቆይ እስቲ» ብላ በሩ ላይ ያዘችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ሰውዬው ግን መጀመሪያ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ «እርስዎም?» ሲል ብቻ ሰማሁት።

በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ አብራው ሄደች። ለጉዳይ እዚያ ደርሼ ስለነበር አየኋቸው። ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እሱ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሻል፣ እሷ ብርቱካን ትልጣለች። ልጣ ስትጨርስ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ዘረጋችለት። ተቀብሏት መብላት ጀመረ። ወዲያው የእሱ ተራ ደርሶ ነርሷ ጠራችው።